ባለቤቱ ይዞት ይቅረብ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ምሳ ሰዓት

ዛሬም ስልክ። ከጠዋት ጀምሮ። ጆሮዬ ግሏል፣ ድምፄ ሻክሯል፣ ሻዩ ሳልጠጣው ቀዝቅዟል።

አንቺ ደብተሬ እንኳን ይህን ጊዜ በቃልሽ ሳትይዢው አትቀሪም። ጤና ይስጥልኝ፣ ሰናይት እባላለሁ፣ መኪናውን ካስመጣው ድርጅት ነው የምደውለው፣ ሞዴሉ ላይ የፍሬን ችግር ስለተገኘ ፋብሪካው ጥሪ አድርጓል፣ ቃሊቲ ጋራዣችን ይዘው ይምጡ፣ ዕቃው በነጻ ይቀየርልዎታል። እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። «በነጻ» የምትለዋ ናት ነገሩን የምታበላሸው። በነጻ ነገር የሚሰጥ ድርጅት ማን አይቶ ያውቃል? አንዱ ሳቀብኝ። ኦሪጅናሉን ፈታችሁ ልትወስዱና ፎርጅድ ልትገጥሙልኝ ነው፣ እኔን አታሞኙኝም አለ። አንዷ ደግሞ መኪናዬ ምንም አልሆነም፣ አታሟርቱብኝ ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። መጀመሪያ ሰሞን እናደድ ነበር። አሁን የእምቢታውን ዓይነት ገና «ሃሎ» ሲሉ አውቀዋለሁ።

ችግሩ እውነት ነው። ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ዕቃ አለ። ውሃ ሲገባበት ማገዙን ያቆማል። ያኔ ፔዳሉ ይደርቃል። በሁለት እግር ቢረግጡትም መኪናው የሚቆመው ዘግይቶ ነው። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል። ጋራዡ በር ላይ ያለው ኩሬ ከትናንት ዛሬ ሰፍቷል።

የወንድሜ መኪና ያው ሞዴል ነው። በየቀኑ ጠዋት እሱ ውስጥ ተቀምጬ ነው እዚህ የምደርሰው። ጋቢና።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ከእራት በኋላ

ለወንድሜ ለብርሃኑ ነገርኩት። በሦስተኛው ሙከራዬ ነው የሰማኝ። ቴሌቪዥኑን ሳይቀንስ።

ብርሃኑ ነገር ሲከብደው እንዲህ ነው። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ተዘግቶ ከሥራ ሲወጣም ለሚስቱ ለእመቤት የነገራት ስንት ቀን ውሎ ነው። አሁን ያለን ይቺ መኪና ናት። ጠዋት ጠዋት የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቻችንን ጭኖ ቃሊቲና ሳሪስ ያደርሳል፣ ማታ ይመልሳል። እኔም የምኖረው እነሱ ጋር ነው፤ ትንሿ ክፍል የኔ ናት።

የሱ መልስ፦ ከምትደውይላቸው ሰዎች ውስጥ ብርሃኑ የሚባል አለ? የለም። በቃ እኔን አይመለከተኝም። ስምህማ እንዴት ይኖራል አልኩት። የገዛኸው በውክልና ነው፤ ሊብሬው ያለው በሻጩ ስም ነው። ጥሪው የሚመለከተው መኪናውን እንጂ ሰውን አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩን ዝርዝሩ ላይ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።

ክረምቱ ይውጣ አለ። ክረምቱ ነው እኮ ችግሩ! ስጮህ እመቤት ከጓዳ ብቅ አለች። ምን ሆናችሁ? ምንም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10። ቢሮ

አለቃዬን አቶ ዮናስን ጠየቅሁ። ለአንድ ዘመዴ ነው ብዬ። ዘመድ ስል ፊቴ ቀላ መሰለኝ።

አይቻልም። ባለቤቱ ራሱ ሊብሬውንና መታወቂያውን ይዞ መቅረብ አለበት። ድሮ በውክልና የመጣ ሁሉ ይስተናገድ ነበር፤ አንዱ ባለንብረት ኋላ ላይ ባትሪዬን ቀየራችሁብኝ ብሎ ፖሊስ ይዞ ከመጣ ወዲህ ይኸው ሕግ ወጣ። ሕዝቡ አያምነንም፣ እኛም ሕዝቡን አናምንም። በጓሮ በር ልሞክር ብል እንኳ አይሆንም። መካኒኩ እንዳስረዳኝ፣ አዲሱን ዕቃ ቢገጥሙትም ፋብሪካው በሻንሲ ቁጥሩ ካልከፈተው አይሠራም። ፋብሪካው ደግሞ የባለቤቱን ፊርማ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሻጩ መጥቶ ይፈርም። አንድ ቀን ነው። ምን ይከብዳል?

ዓርብ፣ ሐምሌ 11። ከሰዓት

ደወልኩ። ለብርሃኑ ሳልነግረው። አቶ ታደሰ ይባላሉ፣ ሻጩ። መጥተው ይፈርሙና እገላገላለሁ ብዬ ነው።

ሴት አነሱ። ባለቤታቸው፣ ወ/ሮ ንግሥት። ያቺን የተለመደችውን ንግግሬን ጨረስኩ። ዝም አሉ። «በነጻ»ን ፈርተው መሰለኝ። ከዚያ ታደሰማ አርፏል ልጄ፣ አርባው ገና መውጣቱ ነው፣ አሉኝ።

ነፍስ ይማር አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሰው ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል። ይህን እዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ሴትዮዋ አልዘጉም። ይልቅ ድምፃቸው ነቃ አለ። መኪናውን አያችሁት እንዴ? የት ነው ያለው? ባላቸው ሳይታመሙ በፊት፣ ሠርቶ ገቢ የሚያስገባልን ሰው አግኝቼ ሰጥቼዋለሁ ብለዋቸው ነበር። ለማን እንደሰጡ አልነገሯቸውም። ልጆቹ ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ እየፈለጉት ነው። የወራሽነት ወረቀት አውጥተዋል። ፈልጊልኝ ልጄ፣ አንቺ ቁጥሩ አለሽ አይደል፣ አሉኝ። ደግሞ መረቁኝ።

አጣርቼ እደውላለሁ አልኳቸው። የማጣራው ምን አለ? ማታ እሱው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ወደ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ያውቃል! ሰምተሻል? ብርሃኑ ያውቃል። ሰውዬው መሞታቸውን ሰምቶ ለቅሶ ቤት ድረስ ሄዷል። ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፣ ንፍሮ ቆንጥሯል፣ ለሴትዮዋ እግዜር ያጽናዎት ብሏል፣ ወጥቷል። መኪናውን ሁለት መንደር አርቆ አቁሞ።

እመቤት ገበያ ስለነበረች ጮኽኩበት። እሱ አልጮኸም። ቁጭ ብሎ ነገረኝ። የሽያጭ ውል አልጻፉም። የስም ማዛወሪያውን ለመሸሽ ውክልና ብቻ ይበቃናል ተባባሉ። ምስክሩ ደላላው ነው፣ የደላላው ስልክ ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል። ከፍዬ ጨርሻለሁ ብል ማን ያምነኛል፣ የሞተ ሰው ላይ ዋሸ ነው የምባለው፣ አለ። እና አለቀሰ። አባታችን ሲሞት እንኳ እኔ እንዳላይ ጓሮ ሄዶ ነበር ያለቀሰው።

አሳዘነኝ። በጣም። ከፍሏል፤ እኔ አውቃለሁ፣ የእመቤት ወርቅ ሲሸጥ አብሬ ሄጃለሁ። ሴትዮዋም አይዋሹም። ባላቸው የነገሯቸውን ነው የነገሩኝ። ለምን እንዲያ እንዳሏቸው የሚያውቁት ሟቹ ብቻ ናቸው።

ጋራዥ ከቀረበ መኪናውን ይወስዱበታል። ካልቀረበ ፍሬኑ አለ። ከዚህ ውጭ ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ ቅዳሜን ሙሉ ልብስ አጠብኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። አውቶቡስ ውስጥ

ዛሬ አልተሳፈርኩበትም። ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁና በኋላ በአውቶቡስ መጣሁ። ቆሜ፣ የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? አውቶቡሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ

ደስታዬ እስከ ማታ ነው የቆየው። ተሳፋሪዎቹ ጠይቀውታል። ሳሪስ ፋርማሲ የምትሠራው ትዝታ፣ ሰኒ ከናንተ ጋር ተጣላች እንዴ ወይስ መኪናው አንድ ነገር ሆነ ብላዋለች። እየሳቀች። እሷ መቼም ሳትስቅ አትናገርም። ብርሃኑ ግን አልሳቀም። የመኪናው ድርጅት ሠራተኛ ከወንድሟ መኪና ወርዳ አውቶቡስ ከጠበቀች ማን ይሳፈራል አለኝ።

እውነቱን ነው። ለካ ጋቢና የምቀመጠው ለምልክት ነው። እኔን እያዩ ነው ከኋላ እንቅልፋቸውን የሚተኙት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16። ቢሮ፣ ጠዋት

ተሳፈርኩ። አትፍረጂብኝ። እመቤት ትናንት ምሽት ክፍሌ ገብታ ምንም ሳትል አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያ በቃኝ።

መኪናዋ ውስጥ የምትናገር ሴት አለች። ለቻይና ገበያ የተሠራ ስለሆነ በቻይንኛ ነው የምታወራው። ተሳፋሪዎቹ «እህታችን» ይሏታል። በር ሳይዘጋ ሲቀር ትናገራለች፣ ቀበቶ ሲፈታ ትናገራለች። ዛሬ ከቂሊንጦ ወደ ቃሊቲ ስንወርድ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ረጅም ነገር ተናገረች። ደጋገመችው። ትዝታ ከኋላ እሺ እናቴ እንዳልሽው አለቻት፣ ሁሉም ሳቁ። እኔ የብርሃኑን እግር ነበር የማየው። ፔዳሉን በሁለት እግሩ ሲረግጥ አይቻለሁ። ቆመ፣ ግን ከፊታችን ካለው ሚኒባስ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም።

በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ጋራዡ ውስጥ ላለው ቻይናዊ ባለሙያ አሰማሁት። ፈገግታው ጠፋ። ፍሬኑ አያግዝህም፣ አስተማማኝ ቦታ ላይ አቁም፣ አትንዳ፣ ነው የምትለው።

ስለዚህ ስንት ሰው ሆነን ነው እሺ እናቴ ያልናት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ለጋሽ ወርቁ ልነግራቸው ሞከርኩ። ከኛ ሥር ባለው ፎቅ ነው የሚኖሩት። ጡረታ ወጥተው ሲያበቁ ሳሪስ አንድ መጋዘን ይጠብቃሉ። ጋሽ ወርቁ፣ ይቺ መኪና ክረምት ላይ ብዙም አትመችም፣ ለምን በአውቶቡስ አይሞክሩም አልኳቸው። ሳቁብኝ። አንቺ እያለሽበት ምን እንሆናለን ሰናይትዬ፣ አሉ።

ይህንን ነው እንግዲህ ይዤ የምዞረው።

ብርሃኑ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን ቢጫ መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል። ተሳፋሪ ይረበሻል ይላል። የ«እህታችን»ንም ድምፅ አጥፍቶታል። ከኮዬ እስከ ቃሊቲ እንዲያ ጸጥ ሲል ይበልጥ አስፈራኝ።

ወ/ሮ ንግሥት ሁለት ጊዜ ደውለዋል። አላነሳሁም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22። ሐኪም ቤት ኮሪደር

ሆነ።

ቁልቁለቱ ላይ። ዝናብ። ከፊታችን የጭነት መኪና ቆመ። ብርሃኑ ረገጠ፣ ሲረግጥ ትከሻው ወደ መቀመጫው ሲጫን አየሁ፣ መኪናዋ እንደሆነች ዝም ብላ ትሄዳለች። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። የመንገዱን አካፋይ ዘለን ጭቃው ውስጥ ገባን። ጭቃው ነው ያስቆመን። ከወዲያ ማዶ የሚመጣ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን የምጽፍልሽ እኔ አልነበርኩም።

ጋሽ ወርቁ ክንዳቸው ተሰብሯል። ትዝታ ከንፈሯ ተተርትሮ ተሰፍቷል፤ መሳቅ የለብሽም ብለዋታል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። እኔ ደህና ነኝ። ቀበቶ አስሬ ነበር፤ ሁሌ አስራለሁ። እነሱ አያስሩም፣ እኔም እሰሩ ብያቸው አላውቅም።

የሚገርምሽ ማንም ብርሃኑን አልወቀሰም። ዝናቡ ነው አሉ። መንገዱ ነው አሉ። ጋሽ ወርቁ በደህናው እጃቸው ግንባሩን ይዘው መረቁት። አንተ ባትጠመዝዘው አልቀን ነበር፣ የሰው ፊት አይንሳህ፣ ሁላችንንም አተረፍከን አሉት፣ ነርሷ እየሰማች። እሱ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ይህን እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። አፌን ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24። ቢሮ

ብርሃኑ የተሰበረውን መብራት ሳሪስ አስገጥሟል። የተጎዳውን ቆርቆሮ አስቀጥቅጧል። ነገ ይጀምራል። በጋሽ ወርቁ ቦታ ከሁለተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ከነሕፃን ልጇ ትገባለች፤ ልጁን ሥራ ቦታዋ ያለው ማቆያ ውስጥ ነው የምታውለው። ትናንት ደረጃ ላይ አገኘችኝና ተመስገን፣ ከአውቶቡስ ግፊያ ተገላገልኩ አለችኝ።

ብርሃኑን ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኩት። እትዬ ንግሥት ዘንድ አብረን እንሂድ፣ ሁሉንም እንንገራቸው፣ ክፉ ሰው አይመስሉም። ምናልባት ያምኑናል። ምናልባት ግማሹን ይተዉልሃል። አልፈልግም ምናልባትሽን አለ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ በእጅ ፍሬኑ እይዛታለሁ፣ ጸባይዋን አውቄዋለሁ አለ። የሚነክስ ውሻ አሳድጎ እኔን አይነካኝም እንደሚል ሰው።

ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ እኔን ከሸጥሽኝ እህት የለኝም።

ዛሬ ቢሮ ስንት ሰው ጋ እንደደወልኩ አላስታውስም። አንዱ ሽማግሌ፣ ልጄ እውነት አደጋ አለው ወይስ የሥራሽ ግዴታ ሆኖብሽ ነው፣ አሉኝ። እውነት ነው አባቴ፣ አልኳቸው፣ ወንድሜ ላይ ደርሷል። አመኑኝ። ነገ ይዤ እመጣለሁ አሉ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25። ሊነጋ ሲል

ከሁሉም በፊት ተነሣሁ። ወረድኩ። እያካፋ ነው። የጊቢው ጥበቃ ኮቱን ተከናንቦ ተኝቷል።

አራቱንም ጎማ አስተነፈስኩ። ልጅ ሆነን ብርሃኑ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ በሰፈር ሰው ብስክሌት ላይ። ክዳኑን መፍታት፣ ውስጡን በእንጨት ጫን አድርጎ መያዝ፣ መጠበቅ። የመኪና ጎማ ብዙ ያስጠብቃል ለካ። ፊሽ ሲል ሰፈሩ ሁሉ የሚነቃ መስሎኝ ነበር። ማንም አልነቃም። እጄ ጥቁር ሆኗል፣ ይኸው አንቺንም አቆሸሽኩሽ።

12 ሰዓት ካለፈ በኋላ

ደወልኩላቸው። እትዬ ንግሥት ለጸሎት ተነሥተው ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ታርጋውን፣ ኮዬ ፈጬ የትኛው ብሎክ ሥር እንደቆመ፣ የያዘው ሰው ከባለቤታቸው ገዝቶ ከፍሎ መጨረሱን፣ ወረቀት ግን እንደሌለው። በእግዚአብሔር ስም አትንዱት፣ ልጆችዎ አስጭነው ቃሊቲ ያምጡት፣ የወራሽነቱን ወረቀት ይያዙ፣ እርስዎ ይፈርሙና ፍሬኑ ይቀየር፣ ከዚያ በኋላ ከሰውዬው ጋር የፈለጋችሁት ሸንጎ ፊት ተቀመጡ፣ አልኳቸው። ልጆቹ ፍሬኑን አያምኑሽም፣ ልታስቀሪው ፈልገሽ ነው የሚሉት፣ አሉኝ። አይነዳም፣ ጎማው ላይ ነፋስ የለም፣ አልኩ። ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽ፣ ሰውዬው ምንሽ ነው አሉ።

ወንድሜ ነው።

አልዘጉም። ባሌ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሆነ እኔ በሐሰት አልቆምም፣ አሉ። ልጆቹን ግን አላውቅልሽም። መኪናውን ሊወስዱ አሁኑኑ ይነሣሉ።

1 ሰዓት ሊሆን ሲል

ከመስኮቴ ይታየኛል። ተሳፋሪዎቹ ወርደዋል። ትዝታ ጃንጥላዋን ለሕፃኑ ይዛለታለች። ሴትየዋ ልጇን በፎጣ ሸፍናዋለች። ብርሃኑ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጎማውን በእጁ ይዳስሳል። ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። አራተኛው ጋ ሲደርስ እዚያው ቀረ። ምቀኛ ነው የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ የማን እንደሆነ አልለየሁም።

እመቤት ሻይ እያፈላች ናት። ምንም አታውቅም። ከእሷ በፊት ለሱ ልንገረው ወይስ ከሱ በፊት ለሷ? ለሱ። ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም። መኪናውን የሚወስዱት ሰዎች ሳይደርሱ፣ ከኔው አፍ።

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ዝናብ አለ። ሰኒ፣ ይላል፣ ሰኒዬ ስልክሽን አንሺና ጎሚስታ ጥሪልኝ፣ ሰው ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያደርገኝ።

ጎሚስታ አልጠራሁም። የጠራሁት ሌላ ሰው ነው። ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ እየወረድኩ ነው፣ እዚያው ጭቃው ላይ አጠገቡ ተንበርክኬ፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ።